ስለ አንዲት ትንሽ እፉኝት ስምና ዘር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የቀረበ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ከየክፍሉ አንድ አንድ ንግግር ይቅረብ በተባለ ጊዜ፣ ሌሎቹ ክፍሎች ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ እርሻና ስለ አገር ፍቅር ለመናገር መረጡ። እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ግን ርዝመትዋ ከአንድ ክንድ እምብዛም የማያልፍ አንዲት ትንሽ እባብ መረጥን። አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን ሰምተው ሳቁብን። «በበዓል ቀን ስለ እባብ ይወራልን?» አሉ። እኛም ምክንያታችንን ተናግረን እስክንጨርስ ድረስ በትዕግሥት እንድትሰሙን በአክብሮት እንለምናለን።

በንግግራችን ውስጥ የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ያገራችን ሰው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ኦሪት ዘፍጥረትን ስንማር፣ የምድር አራዊት ሁሉ ወደ አዳም እንደ መጡና እርሱም ለእያንዳንዱ ስም እንዳወጣለት አንብበናል። ያን ጊዜ ሥራው ያለቀ መስሎን ነበር። ዛሬ ግን የአዳም ሥራ ገና አለማለቁን፣ በስም ማጣትም ሰው ሊጐዳ እንደሚችል ተረድተናል። እንዴት እንደ ተረዳነው ከነውርደታችን እንነግራችኋለን።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ ቀን፣ ከመካከላችን ስድስት የምንሆን ልጆች ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ የሰሊጥ እርሻ ለአጨዳ ሄደን ነበር። ሰሊጥ ጊዜውን ጠብቆ ካልታጨደ ፍሬው ይረግፋልና፣ በዚያ ወራት በቋራና በመተማ ቆላ ተማሪው፣ ገበሬውና ከደጋ ለቀን ሥራ የሚወርደው ሰው ሁሉ በአንድነት ይረባረባል። ወደ ማታ ገደማ፣ ከነዶው አጠገብ አንድ ከደጋ የመጣ ሠራተኛ «ነደፈችኝ!» ብሎ ጮኸ። ጓደኞቹ እባቢቱን በዱላ ገድለው በእንጨት ላይ አንጠልጥለው ወደ እኛ አመጡአት። የሠራተኞቹም አለቃ፣ «እናንተ ልጆች፣ የተማራችሁ ናችሁ፤ ይህች ምንድን ናት? ትገድላለች ወይስ አትገድልም?» ብሎ ጠየቀን።

እኛም ተያየን። የባዮሎጂ መጽሐፋችንን በቃላችን እናውቃለን፤ በፈተናም ስለ እንስሳት ክፍል ተጠይቀን ከፍ ያለ ማርክ አግኝተናል። ዳሩ ግን በፊታችን የተዘረጋችውን አላወቅናትም። ከመካከላችን አንዱ «ትንሽ ናት፤ ገዳዮቹ ትልልቆቹ ናቸው» አለ። ሌላውም «ዕንቁላል የምትበላው መሆን አለባት፤ እርስዋ መርዝ የላትም» ሲል ደገፈው። የቀረነውም ዝም አልን። ዝምታችንም እንደ ምስክርነት ተቆጠረ። ሰውዬው እጁን በጨርቅ ጠምጥሞ በዚያው በእርሻው ላይ አደረ።

በማግሥቱ እጁ እስከ ክርኑ አብጦ፣ ከድዱም ደም እየፈሰሰ አገኙት። በትራክተር ተጭኖ መጣ፤ በመጀመሪያ በደረሰበት ቦታ የሚያስፈልገው መድኃኒት ስላልነበረ ወደ ሩቅ ሆስፒታል ተወሰደ። ነፍሱ ተርፋለች፤ ስለዚህ ነገር እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን ከአንድ ወር በላይ ሳይሠራ ቆየ። የሁለት ጣቶቹም ሥጋ ስለ ሞተ ተቈረጡ። ያንን ዓመት ሙሉ ለቤተ ሰቡ ሊወስድ ያሰበውን ገንዘብ ሳያገኝ ወደ ደጋ ተመለሰ።

ክቡራን ሆይ! ይህ ሰው በእፉኝቲቱ ብቻ አልተጐዳም፤ በእኛም ያልታረመ ቃል ተጐድቷል። ስለዚህ እኛ በባዮሎጂ መምህራችን መሪነት፣ «ያች እባብ ማን ነበረች? ስምዋስ ማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ ተነሣን።

በላቦራቶሪያችን መደርደሪያ ላይ ከዓመታት በፊት የነበሩ ተማሪዎች ያመጡአቸው ሁለት እባቦች በአልኮል ተነክረው በብልቃጥ ተቀምጠዋል። በሁለቱም ብልቃጥ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «እባብ» ብቻ ይላል። ሁለቱም አፈር የመሰለ ቡናማ መልክ አላቸው፤ በጀርባቸው ላይም ፈዘዝ ያሉ ነጠብጣቦች ተሰልፈዋል። ርዝመታቸውም እኩል ነው ለማለት ይቻላል። እኛ ለአራት ዓመታት አንድ ዓይነት ናቸው እያልን በአጠገባቸው ስናልፍ ኖረናል። መምህራችን ግን አጉሊ መነጽር ሰጥተው፣ «መልኩን ተዉና ቅርፊቱን ቁጠሩ» አሉን።

ቅርፊቱን በቆጠርን ጊዜ ሁለቱ እጅግ የተለያዩ ሆነው ተገኙ። የመጀመሪያይቱ ራስዋ በትላልቅና ለስላሳ ሰሌዳዎች የተሸፈነ ነው፤ ከጅራትዋ በታች ያሉትም ቅርፊቶች ሁለት ሁለት ሆነው ተሰልፈዋል። አፍዋን በወስፌ ቀስ አድርገን ከፍተን ብናይ የመርዝ ጥርስ አላገኘንባትም። ሁለተኛይቱ ግን ራስዋ ከአንገትዋ የሰፋ፣ በጥቃቅንና በሻካራ ቅርፊት የተሸፈነ ነው፤ ከጅራትዋ በታች ያሉት ቅርፊቶች ነጠላ ናቸው። ከላይኛው መንጋጋዋ ወደ ኋላ የታጠፉ ሁለት ረጃጅም የመርዝ ጥርሶች ወጡ። በጎንና በጎንዋ ያሉት ቅርፊቶች አግድም ያዘነበሉ ሆነው፣ በየአንዳንዱ መካከል እንደ መጋዝ ጥርስ የተሰነጣጠቀ ጠርዝ አለበት። በእርሻው ላይ የተገደለችውም እንዲህ ያለ ሻካራ ራስ እንደ ነበራት ያን ጊዜ ትዝ አለን።

የመጀመሪያይቱ ዕንቁላል በላ እባብ ናት፤ ሊቃውንት ዳሲፔልቲስ ይሉአታል። ጥርስ የላትም ለማለት ይቻላል። የወፍ ዕንቁላል እንዳለ ትውጥና፣ ከአከርካሪዋ ወደ ጉሮሮዋ በሚወርዱ አጥንቶች ሰብራ ፈሳሹን ትጠጣለች፤ ቅርፊቱንም መልሳ ትተፋለች። ሰውን ለመጉዳት አቅም የላትም። ሁለተኛይቱ ኤኪስ ፒራሚዱም ትባላለች፤ በአማርኛችን ከእፉኝት ወገን ናት። ይህች እፉኝት በተቆጣች ጊዜ አካልዋን በግማሽ ክብ እየጠመዘዘች ጎንዋን ከጎንዋ ጋር ታፋጫለች፤ ከዚህም የተነሣ ውሃ በጋለ ምጣድ ላይ ሲፈስ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ታሰማለች። እጅግ የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው፤ መርዝ የሌላት ዕንቁላል በላይቱም ጠላትዋን ለማስፈራራት ይህንኑ ድምፅና ይህንኑ አኳኋን ትኮርጃለች። ስለዚህ በመልክ ወይም በድምፅ ብቻ የሚፈርድ ሰው፣ በጎይቱን ገድሎ ክፉይቱን ሊንቅ ይችላል። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባላል፤ እኛ ግን እውነተኛይቱን እባብ እንደ ልጥ ቆጠርናት።

እንግዲህ ስለ ስሙ እንናገር። በእኛ አገር ሰው መጀመሪያ የራሱን ስም፣ ቀጥሎም የአባቱን ስም ይጠራል። በሊቃውንት አጠራር ግን መጀመሪያ የወገኑ ስም ይመጣል፤ ቀጥሎም የዝርያው የራሱ ስም ይከተላል። ይህን ባለ ሁለት ቃል አጠራር በሥርዓት ያቆመው ካርል ሊኔየስ የተባለው የስዊድን ሊቅ ነው። በ1758 የታተመው የመጽሐፉ 10ኛ እትም ለእንስሳት ስም ሁሉ መነሻ ሆኖ ይቆጠራል። ስሞቹ በላቲንና በግሪክ መልክ የሚጻፉት፣ እነዚህ የጥንት ቋንቋዎች የአንድ ሕዝብ ብቻ ስላልሆኑና ከዘመን ጋር ስለማይለዋወጡ ነው፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት በግእዝ እንደሚጠቀሙት ያለ ነው። በዚሁ በ1758 መጽሐፍ ውስጥ ሊኔየስ አንዲቱን ዕንቁላል በላ እባብ «ስካብራ» ለማለት መነሻ የሆነውን ስም ሰጣት፤ ትርጓሜውም ሻካራ ማለት ነው።

የእፉኝታችን ስም ታሪክ ግን ረዘም ያለ ነው። በ1798 ናፖሊዮን ወደ ግብፅ በዘመተ ጊዜ ከወታደሮቹ ጋር ከ150 የሚበልጡ ሊቃውንትን ይዞ ሄዶ ነበር። ከእነርሱም አንዱ ኤቲየን ጆፍሯ ሴንት ኢሌር የተባለው የእንስሳት ሊቅ ነው። ስለ ግብፅ በተጻፈው ታላቅ መጽሐፍ ውስጥ ይህች እፉኝት በሥዕል ወጣች፤ በ1827ም በጆፍሯ ሴንት ኢሌር ስም «ስኪታሌ ፒራሚዱም» ተብላ ተጻፈች። ፒራሚዱም ማለት «የፒራሚዶቹ» ማለት ነው። ስለዚህ በገለጉ ሰሊጥ መካከል የምትኖረው እባብ እስከ ዛሬ ድረስ በፈርዖኖች መቃብር ስም ትጠራለች። ዓባይ ከእኛ ተራሮች ወርዶ ወደ ግብፅ ይሄዳል፤ ስምዋ ደግሞ ከግብፅ ተነሥቶ ወደ እኛ መጣ።

ከዚያ በፊት በ1820 ብላሲየስ ሜረም የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ «ኤኪስ» የሚለውን የወገን ስም አውጥቶ ነበር፤ ቃሉ በግሪክ እፉኝት ማለት ነው። በዚያው መጽሐፉ በአፍሪካ ቆላና ወይና ደጋ በብዛት የምትገኘውን ወፍራሚቱን እፉኝት «አሪየታንስ» ብሎ ሰይሟታል። ኋላም የፒራሚዶቹ እፉኝት በጠባይዋና በቅርፊትዋ ከኤኪስ ወገን መሆንዋ ስለ ታወቀ፣ የወገንዋ ስም ተለውጦ ኤኪስ ፒራሚዱም ሆነች። የራስዋ ስም ግን አልተለወጠም፤ በሕጉ መሠረት መጀመሪያ የተሰጠው የዝርያ ስም ይከበራልና። ስሙን ያወጣው ሰው ስም በቅንፍ ውስጥ ከተጻፈ፣ «ይህ ፍጡር ወገኑን ለውጧል» ማለት እንደ ሆነ በዚህ አጋጣሚ ተምረናል።

ይሁን እንጂ ችግሩ በዚህ አላለቀም። በ1801 ሽናይደር የተባለ ሊቅ ከሕንድ አገር የመጣችውን የዚህችን እፉኝት ዘመድ «ካሪናታ» ብሎ ሰይሟት ነበር፤ ቅርፊትዋ እንደ መርከብ ታች ጠርዝ ያለው ማለት ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ብዙ ሊቃውንት ከሕንድ ጀምሮ እስከ ምዕራብ አፍሪካ ያሉትን እነዚህን ትናንሽ እፉኝቶች ሁሉ «አንዲት ዝርያ ናቸው» እያሉ በሕንዲቱ ስም፣ ኤኪስ ካሪናቱስ እያሉ ይጠሩአቸው ነበር። የእኛይቱ ስም ከሕንዲቱ ስም በታች ተቀበረ። በእኛ ብልቃጥ ላይ «እባብ» ብቻ ተብሎ እንደ ተጻፈ ያለ ነገር፣ በዓለም ላቦራቶሪዎችም ተደርጎ ነበር ማለት ነው።

ቀስ በቀስ ግን የሚለዩበት ነገር እየተገለጠ መጣ። የሕንዲቱ ልጆችዋን በሕይወት ትወልዳለች፤ የአፍሪካዎቹ ግን ዕንቁላል ይጥላሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስታውስ። ከግሪክ ወደ ግእዝ በተተረጎመው ፊሳልጎስ በተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ፣ የእፉኝት ልጆች የእናታቸውን ሆድ ቀድደው ይወጣሉ ተብሎ ተጽፏል። አያቶቻችንም ይህንኑ ይነግሩን ነበር። መጽሐፉ ሰውን ስለ ምግባር ለማስተማር የተጻፈ ነውና አንነቅፈውም፤ ነገር ግን የቋራይቱ እፉኝት ዕንቁላልዋን በጉድጓድ ጥላ የምትሄድ ናት እንጂ በልጆችዋ የምትገደል አይደለችም።

በ1970 ሽቴምለር የተባለ ሊቅ የምዕራብ አፍሪካይቱን «ኦኬላቱስ» ብሎ ለያት፤ በጎንዋ ላይ ዓይን የሚመስሉ ምልክቶች አሉባትና። በ1990 ደግሞ ቼርሊን የተባለው ሩሲያዊ ሊቅ በቀይ ባሕር በዳህላክ ደሴቶች መካከል ከምትገኘው ከኖክራ ደሴት የተገኘችውን «ሜጋሎኬፋሉስ» አላት፤ ራሰ ትልቅ ማለት ነው። በ2009 የታተመ ጥናት የእነዚህን እፉኝቶች ዘር በዲ ኤን ኤ መርምሮ፣ የኤኪስ ወገን በአራት ታላላቅ ነገዶች እንደሚከፈል አሳየ። የሕንዲቱ ነገድ አንድ ነው፤ የምዕራብ አፍሪካይቱም ሌላ ነው፤ በዓረብና በግብፅ በረሃ የምትኖረው ቀለማሚቱም ሌላ ናት፤ የእኛይቱ የፒራሚዶቹ ነገድም ራሱን የቻለ ነው። ተቀብሮ የነበረው ስም እንደ ገና ተነሣ።

አሁን ከእናንተ መካከል፣ «ታዲያ ሊቃውንት በስም ቢከራከሩ ለገበሬው ምን ይጠቅመዋል?» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። የንግግራችን ዋና ነጥብ ይህ ነውና እባካችሁ ልብ በሉን።

የእባብ መርዝ መድኃኒት የሚሠራው እንዲህ ነው። ለፈረስ ወይም ለበግ ከመርዙ ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ ይሰጠዋል፤ የእንስሳው ደም መርዙን የሚቋቋም ኀይል ያበጃል፤ ከዚያ ደም ፀረ መርዙ ተጣርቶ ይወጣል። ይህ ጥበብ ከ1890ዎቹ ጀምሮ፣ አልቤር ካልሜት የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪምና ሌሎችም ባደረጉት ምርምር ተገኘ። እንግዲህ ፀረ መርዙ የሚያውቀው ያንኑ የተማረበትን መርዝ ነው። ቁልፍ ለአንድ ቤት ተሠርቶ ሌላውን ቤት እንደማይከፍት ሁሉ፣ ከአንዲት እባብ መርዝ የተሠራው መድኃኒት ሩቅ የሆነችውን እባብ መርዝ ላይረታ ይችላል።

ይህም በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ በመራራ ሁኔታ ታየ። በጋናና በቻድ ከኤኪስ እፉኝት ለተነደፉ ሰዎች ይሰጥ የነበረው የተስማማ መድኃኒት በሌላ ተተካ፤ አዲሱ መድኃኒት ከሕንድ እባቦች መርዝ የተሠራ ነበር። በዚያን ጊዜ በጋና ከመቶ ሕሙማን የሚሞቱት ከ1.8 ወደ 12.1 ከፍ አሉ። በቻድም ከ2.3 ወደ 15.3 ከፍ አሉ። ሁለቱም እባቦች «ኤኪስ» ይባላሉ፤ በብልቃጡም ላይ «ለኤኪስ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ነገር ግን የሕንዲቱ ኤኪስና የአፍሪካይቱ ኤኪስ በዘር የተለያዩ ናቸው። ሊቃውንት «አንዲት ናት» ወይም «ሁለት ናቸው» እያሉ ሲከራከሩ፣ በሰው ሕይወት ላይ እየተከራከሩ ነበር ማለት ነው።

የተገላቢጦሹም ደግሞ አለ። ከናይጄሪያይቱ ኤኪስ መርዝ የተሠራ አንድ ፀረ መርዝ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ያለችውን የፒራሚዱም መርዝ በላቦራቶሪ ፈተና እንደሚቋቋም በ2010 የወጣ ጥናት ገልጿል። ዝምድናን ማወቅ የትኛው መድኃኒት ለማን ሊረዳ እንደሚችል አስቀድሞ ለመገመት ያስችላል። የዘር መቁጠር ጥቅሙ ይህ ነው። እኛ ያገሬው ሰዎች ለጋብቻ እስከ ሰባት ትውልድ ዘር እንቆጥራለን፤ ሐኪሙ ደግሞ ለመድኃኒት የእባብን ዘር ይቆጥራል።

የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንድፊያን ከተዘነጉ የቆላ በሽታዎች መካከል በ2017 መዝግቦታል። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 የሚደርሱ ሰዎች በዚህ ምክንያት እንደሚሞቱ ይገምታል። ከእነዚህም አብዛኞቹ በባዶ እግራቸው የሚያርሱና የሚያጭዱ፣ በመሬት ላይ የሚተኙ ድኾች ናቸው። ከእኛም አገር በሰሊጥ ወራት ወደ መተማ፣ ወደ ቋራና ወደ ሑመራ የሚወርደው ሠራተኛ ከእነዚሁ አንዱ ነው።

የኤኪስ መርዝ ደምን የሚያበላሽ ነው። በደማችን ውስጥ ደምን የሚያረጉ ነገሮች አሉ፤ መርዙ እነዚህን ያለ ጊዜያቸው እያነሣሣ ያስጨርሳቸዋል። ከዚያ በኋላ ደሙ ሊረጋ አይችልም፤ ከድድ፣ ከአፍንጫና ከቀድሞ ቁስል ይፈሳል። ያ ሠራተኛ በተወሰደበት ሆስፒታል የተደረገለትን ምርመራ አብሮት የሄደው ሰው ነግሮናል። 2 ሚሊ ሊትር ደም በንጹሕና በደረቀ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ተደርጎ ለ20 ደቂቃ ሳይነካ ቆየ፤ ከዚያም ቱቦው ዘንበል ተደረገ። ደሙ እንደ ውሃ ፈሰሰ። የረጋ ቢሆን ኖሮ መርዙ ገና አልበረታም ይባል ነበር። ይህ ምርመራ ኤሌክትሪክም ሆነ ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ንጹሕ ብርጭቆ፣ ሰዓትና ትዕግሥት ነው። ከዚሁ ወገን መርዝም ለሰው የሚጠቅም ነገር ወጥቷል፤ ሊቃውንት በኤኪስ ካሪናቱስ መርዝ ውስጥ ያለውን አንድ ነገር ተመልክተው በልብ ሕመም ጊዜ የደምን መርጋት የሚከላከል መድኃኒት ሠርተዋል።

የተከበራችሁ ወላጆቻችን! ያገራችን እባቦች ስም ተሰጥቶ አልቋል ብላችሁ እንዳታስቡ። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1832 እና በ1833 ጎንደር ድረስ መጥቶ ብዙ እንስሳትን ሰብስቦ ወደ ፍራንክፈርት ወስዷል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሊቃውንት መጥተዋል። ሆኖም በኢሉባቦር ደን የምትኖረው ዓይነ ትንሽ እፉኝት ስምዋን ያገኘችው በ1977 ነው፤ ቢቲስ ፓርቪዮኩላ ተባለች። ከባሌ ተራሮችም የተገኘችው ሌላይቱ ቢቲስ ሐረና ተብላ የተሰየመችው በ2016 ነው። ይህች ሁለተኛይቱ መታወቅዋ የሚገርም ነው። መነሻው በብልቃጥ ተቀምጦ የኖረ፣ መቼ እንደ ተያዘ እንኳ በትክክል ያልተጻፈለት አንድ አሮጌ ናሙና ነበር፤ በ2013 በሐረና ደን አካባቢ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍም ተጨመረበት። ናሙናውን ያስቀመጠው ሰው ቀኑንና ቦታውን በወረቀት ጽፎ ቢሆን ኖሮ ምን ያህል ድካም በቀረ ነበር!

ከዚህ የተነሣ እኛ ሦስት ነገር ወስነናል።

አንደኛ፤ በላቦራቶሪያችን ያሉትን ሁለት ብልቃጦች ወረቀት ለውጠናል። በአንዱ ላይ «ዳሲፔልቲስ፤ ዕንቁላል በላ፤ መርዝ የላትም» ብለን ጻፍን። ዝርያዋን በርግጥ ለመለየት አቅማችን ስላልደረሰ የወገንዋን ስም ብቻ ጻፍን፤ የማያውቁትን አለመጻፍ ራሱ ዕውቀት መሆኑን መምህራችን አስተምረውናልና። በሌላይቱ ላይ «ኤኪስ ፒራሚዱም፤ እፉኝት፤ መርዝዋ ደምን ያበላሻል» ብለን ጻፍን። የተገኙበትን ዓመት የሚያስታውስ ሰው ፈልገን ብናጣ ያንን ቦታ ባዶ ተውነው። ከእንግዲህ ወዲህ የሚመጣ ናሙና ቀኑ፣ ቦታውና ያመጣው ሰው ስም ሳይጻፍ እንዳይቀመጥ ከኋላችን የሚመጡትን አደራ እንላለን። ለናሙና ተብሎም ማንም ሰው ሕያው እባብ እንዳይዝና እንዳይገድል እንለምናለን፤ የሞተ ሲገኝ ይበቃል።

ሁለተኛ፤ በመጪው የሰሊጥ ወራት ወደ እርሻዎቹ እየሄድን ለሠራተኞቹ ከሐኪሞች የተማርነውን እንነግራለን። የተነደፈ ሰው አይሩጥ፤ ይረጋጋ፤ የተነደፈው እጅ ወይም እግር እንዳይንቀሳቀስ በእንጨት ይደገፍ፤ ቀለበትና አምባር ቶሎ ይውለቅ። ቁስሉን በምላጭ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ በገመድ አጥብቆ ማሰር፣ ጥቁር ድንጋይ መለጠፍ ጉዳትን ይጨምራል እንጂ አያድንም። እባቢቱ ትንሽ ብትሆንም ሌሊቱን ሳይጠብቁ ወደ ሕክምና መውሰድ ይገባል። ስልክ ያለው ሰው ሳይቀርብ ከሩቅ ፎቶግራፍ ቢያነሣት ለሐኪሙ ይረዳል፤ ፎቶግራፍ ለማንሣት ሲባል ግን አንድ ደቂቃ እንኳ መዘግየት አይገባም።

ሦስተኛ፤ ከሽማግሌዎቻችንና በወረዳችን ከሚኖሩት ከጉሙዝ ወንድሞቻችን ዘንድ የእባቦችን ያገር ስም እየጠየቅን በመዝገብ መጻፍ ጀምረናል። የሊቃውንት ስም ዓለምን ያግባባል፤ ያገር ስም ደግሞ በሌሊት በእርሻ መካከል የሚጮኸውን ሰው ለጎረቤቱ ያግባባል። ሁለቱ በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ካልተጻፉ ሐኪሙና ገበሬው አይተዋወቁም። በደጃችን ያለው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ በ2006 ተቋቁሟል፤ ከድንበሩም ማዶ በ1935 የተቋቋመው የሱዳኑ ዲንደር ፓርክ አለ። እፉኝቲቱ ድንበር አታውቅም፤ ስለዚህ ይህ መዝገብ አንድ ቀን ከወዲያ ማዶ ላሉት ልጆችም ይጠቅማል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

ውድ ታናናሾቻችን! እኛ በዚህ ዓመት ከዚህ ግቢ እንወጣለን። ከመካከላችን ሐኪም የሚሆን፣ መምህር የሚሆን፣ ገበሬ የሚሆን አለ። ወዴትም ብንሄድ ያቺን ቅዳሜ ማታ አንረሳትም። በዱላ ላይ ተንጠልጥላ በመጣች እባብ ዙሪያ ቆመን፣ የማናውቀውን የምናውቅ መስለን ተናገርን። ያን ጊዜ ከመካከላችን አንዱ እንኳ «አናውቅም፤ ቶሎ ወደ ሐኪም ይሂድ» ብሎ ቢሆን ኖሮ፣ የዚያ ሰው ሁለት ጣቶች ዛሬ በእጁ ላይ ይኖሩ ይሆናል። ያ ሠራተኛ ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት ሄደን ይቅርታ ጠይቀነው ነበር። እርሱም፣ «እናንተ ልጆች ናችሁ፤ ተማሩ፤ ለሚመጣው ንገሩ» አለን። እነሆ፣ ዛሬ በእናንተ ፊት የቆምነው ያንን ትእዛዝ ለመፈጸም ነው።

ትምህርት ቤታችን ብዙ ዓመት ይኑር!